ከፍሬው በፊት የብርጭቆውን ማጠቢያ እዩ

ጁስ እየፈጨሁ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። መጀመሪያ አዳማ መናኸሪያ አካባቢ ተቀጥሬ፣ ኋላ ደግሞ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር መንገድ ዳር መስኮት ተከራይተን። አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ዘይቱን፣ ሐብሐብ፤ በጾም ሰሞን ደግሞ ከጠዋት እስከ ማታ ስፕሪስ። ደንበኛ ሲመጣ ዓይኑ ቀድሞ የሚሄደው ወደ መደርደሪያው ነው። ማንጎው ቀልቷል ወይ፣ አቮካዶው በስሏል ወይ ይላል። አንዳንዱ ፓፓያውን በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ ይፈትሻል። ብርጭቆው በምን ውሃ እንደሚታጠብ አንገቱን አስግጎ የሚያይ ግን ከስንት አንድ ነው። ይህን መጻፍ የፈለግሁት ለዚህ ነው። ሰው ጁስ ጠጥቶ ሲታመም ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የፍሬው አይደለም። ፍሬው ከተላጠ በኋላ የነካው ውሃ፣ ቢላ፣ ጨርቅና እጅ ነው።

ወጥ እጅ ቢነካውም፣ ውሃው ቢያጠራጥርም፣ እሳት ላይ ተንተክትኮ ነው ወደ ገበታ የሚመጣው። ጁስ እሳት አያይም። ከልጣጩ ከወጣበት ደቂቃ ጀምሮ ያገኘውን ሁሉ ይዞ እስከ ከንፈራችሁ ይደርሳል። ታይፎይድ፣ አሜባ፣ ጃርዲያ፣ ሄፓታይተስ ኤ፣ በወረርሽኝ ጊዜ ደግሞ ኮሌራ፤ የሁሉም መነሻ የሰው ዓይነ ምድር ነው፣ መንገዳቸውም ውሃና እጅ። በ2008 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) በተነሳ ጊዜ እኛም ጋ ደንበኛው በሙሉ "ውሃው የየት ነው?" እያለ ይጠይቅ ነበር። ወሬው ሲበርድ ጥያቄውም አብሮ ቀረ። መቅረት አልነበረበትም።

ከብርጭቆው ልጀምር፣ ብዙ የማየው እዚያ ላይ ነውና። በምሳ ሰዓትና ከሥራ መውጫ ላይ ብርጭቆ አይበቃም። አንዱ ጠጥቶ ያስቀመጠው ወዲያው ታጥቦ ለሌላው መመለስ አለበት። ላቫንዲኖ ያለው ቤት በሚወርድ ውሃ ያጥባል። የሌለው ሁለት ሳፋ ያስቀምጣል፤ አንዱ በሳሙና፣ አንዱ ለማለቅለቂያ። የመጀመሪያዎቹ ብርጭቆዎች ደህና ይወጣሉ። እየቆየ የማለቅለቂያው ውሃ ይደፈርሳል፤ የአቮካዶው ቅባት ከላይ ይንሳፈፋል፣ የማንጎው ጭረት ከታች ይዘቅጣል። ከዚያ በኋላ እዚያ ሳፋ ውስጥ የሚገባ ብርጭቆ ከእሱ በፊት የገቡትን ሁሉ ምራቅ ተቀብቶ ይወጣል። ውሃው ቶሎ የማይደፋው ሻጩ ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ቧንቧ ከሌለ እያንዳንዱ ጀሪካን ገንዘብ ነው፣ ሰው ተሸክሞት ወይ በጋሪ ተጭኖ ነው የሚመጣው። ይህንን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ግን ሆዳችሁ ይህንን አያውቅም።

ታጥቦ ሲያበቃ ደግሞ በጨርቅ ይወለወላል። ያ ጨርቅ ጠረጴዛውንም ጠርጓል፣ ቢላውንም ጠርጓል፣ እጅም ደርቆበታል። ቀኑን ሙሉ እርጥብ ሆኖ በሙቀት ውስጥ የሚውል ጨርቅ ተህዋስያን ከሚራቡባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ስለዚህ የሚያብረቀርቅ ብርጭቆ አያታልላችሁ። በሽቦ መደርደሪያ ላይ ተደፍቶ በአየር የደረቀ፣ የውሃ ነጠብጣብ ያለበት ብርጭቆ ይበልጠዋል። ማንኪያውንም እዩ፤ ብዙ ቤት ማንኪያዎቹ ውሃ ባለበት ጣሳ ውስጥ ተዘፍዝፈው ነው የሚውሉት። መምጠጫውን አጥቦ መልሶ የሚያቀርብም አጋጥሞኛል። በቀጭን ቱቦ ውስጥ የደረቀ ማንጎ በውሃ አይወጣም፤ የተጣመመ ወይም ጫፉ የታኘከ መምጠጫ ከመጣላችሁ መልሱት።

ሌላው የተደበቀ ነገር መፍጫው ነው። ብሌንደሩ ከላይ ሲታይ ንጹሕ ነው፤ ጆጉን ከሥር ፈትታችሁ ምላጩን ስታወጡ ግን ከምላጩ ሥር ክብ ጎሚኒ አለ። ጎሚኒው ሥር የሚጠራቀመው ነገር ካልተፈታ አይታጠብም። ውሃና ሳሙና ጨምሮ ማሽከርከር ብቻውን አይደርስበትም። በቀን አንዴ ቢያንስ መፈታት አለበት፣ ማታ ከመዘጋቱ በፊት። ደንበኛ ይህን ማየት አይችልም፤ ማሽተት ግን ይችላል። ትኩስ የተፈጨ ጁስ የእርሾ ወይም የመኮምጠጥ ሽታ ካለው አትጠጡት፤ ሽታው ከፍሬው ባይሆን ከመፍጫው ነው።

ውሃውን በተመለከተ፦ ብዙ ከተሞቻችን ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነው። በመጣ ቀን በሮቶ፣ በበርሜል፣ በጀሪካን ይጠራቀማል። ከቧንቧው ሲወጣ ክሎሪን ነበረው እንበል፤ ክዳኑ በተከፈተ በርሜል ውስጥ ሲሰነብት ክሎሪኑ ይጠፋል። ከዚያ አንድ ሰው ኩባያውን ከነእጁ ይነክርበታል። ውሃው ጥርት ብሎ ይታያል፣ ጥርት ማለቱ ግን ምንም አያረጋግጥም። ፓፓያና ማንጎ ለመፈጨት ውሃ ይፈልጋሉ፤ አቮካዶ ያለ ውሃ ጨርሶ አይዞርም። ስለዚህ የምትጠጡት ጁስ ውስጥ ያ ውሃ አለ። ስኳሩ የሚሟሟበት ሽሮፕም ከውሃ ነው የሚሠራው፤ ከተፈላ መልካም፣ በጥሬ ውሃ ተበጥብጦ በጆግ ከዋለ ግን ሌላ ነገር ነው።

እኛ መስኮታችን ላይ ያደረግነው ቀላል ነው። የሚጠጣውን ውሃና የሚያጥበውን ውሃ በተለያየ ዕቃ ለየን። የሚጠጣው ከታች ቧንቧ ባለው ባልዲ ውስጥ ተከድኖ ይቀመጣል፤ ማንም ኩባያ አይነክርበትም። ማታ አፍልተን እናሳድረዋለን፣ ካልሆነ ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ክሎሪን በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምረን 30 ደቂቃ እንጠብቃለን። ስለ ማፍላት አንድ ነገር ላክል፦ ከፍታ ቦታ ላይ ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2300 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ እዚያ ውሃ ወደ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ስለዚህ ከ2000 ሜትር በላይ ላላችሁ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ማቆየት ነው የሚመከረው፤ ቆላ ላይ 1 ደቂቃ ይበቃል።

በረዶ የሚጨመርበት አገር ያላችሁ፣ ድሬዳዋም ሆነ ሌላ ሞቃት ቦታ፣ በረዶው ከየት እንደመጣ ጠይቁ። ቅዝቃዜ ተህዋስያንን ያስተኛል እንጂ አይገድልም። በ1999 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ፍሎሪዳ ውስጥ ሰዎች በታይፎይድ ታመው ምክንያቱ ሲፈለግ የተገኘው ከመካከለኛው አሜሪካ በረዶ ሆኖ የመጣ የማሜይ ፍሬ ነበር፤ እሱን በመፍጫ ፈጭተው ነው የጠጡት። ታይፎይዱ በረዶውን ተሻግሮ መጥቷል። እኛም አገር ማንጎ ርካሽ ሲሆን ልጠው፣ ቆርጠው፣ በፌስታል አድርገው ፍሪዘር ውስጥ የሚያቆዩ ቤቶች አሉ። ነገሩ በራሱ ክፉ አይደለም፤ የላጠው እጅ ንጹሕ ከነበረ ማለት ነው። መብራት ሲጠፋ ቀልጦ ሲመጣ መልሶ የሚረጋ ከሆነ ግን በጭራሽ።

አሁን ስለ ፍሬዎቹ። ሁሉም ጁስ እኩል አያሰጋም፤ ልዩነቱ ኮምጣጣነቱ ላይ ነው። ሎሚ፣ ብርቱካንና አናናስ አሲድ አላቸው፣ ተህዋስያን እዚያ ውስጥ በቀላሉ አይራቡም። ቢሆንም አንዳንዶቹ ለጊዜው መቆየት ይችላሉ፣ ስለዚህ "ብርቱካን ነው ምንም አይል" ማለት አይቻልም። ፓፓያ፣ ሐብሐብና አቮካዶ ግን አሲዳቸው በጣም ትንሽ ነው። በሙቀት ውስጥ ከተቀመጡ ለባክቴሪያ የተዘጋጀ ምግብ ናቸው። በሚመቸው ሙቀት አንዱ ባክቴሪያ በየ20 ደቂቃው ሁለት ሊሆን ይችላል። በዚያ ፍጥነት አንዱ በ4 ሰዓት ውስጥ ከ4000 በላይ ይሆናል። ስለዚህ ጠዋት ተፈጭቶ በጆግ የተቀመጠ የፓፓያ ጁስ ከሰዓት በኋላ ሲቀዳላችሁ ጠዋት የነበረው ጁስ አይደለም። ጁስ ከፍሪጅ ውጪ ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ከ1 ሰዓት በላይ።

ሐብሐብን ለብቻው ማንሳት እፈልጋለሁ። መሬት ላይ ተጋድሞ ያደገ፣ መሬት ላይ ተከምሮ የሚሸጥ ፍሬ ነው። ልጣጩ ሳይታጠብ ቢላ ሲገባበት ቢላው ከልጣጩ ያለውን ይዞ እስከ መሃሉ ይዘልቃል። መንገድ ላይ ተቆርጦ በትሪ የሚሸጠው ቁራጭ ላይ ደግሞ ዝንቡና አቧራው ይጨመራል፣ እንዳይደርቅ በየመሃሉ ውሃ የሚረጩበትም አሉ። አናናሱም እንዲሁ። ሙሉውን ገዝታችሁ ቤት አጥባችሁ ብትቆርጡ ይሻላል፤ ካልሆነ ፊታችሁ ይታጠብና ይቆረጥ። አቮካዶም ልጣጩ አይበላም ተብሎ ብዙ ሰው አያጥበውም። ቢላው ግን በልጣጩ ላይ አልፎ ነው የሚገባው።

አቮካዶ ጁስ ከላይ ሲጠቁር የሚፈሩ ደንበኞች አሉ። መጥቆሩ ከአየር ጋር ሲገናኝ የሚመጣ ነው፣ በራሱ አያሳምምም፤ ቆየት ማለቱን ግን ይነግራችኋል። ሎሚ ጠብ የተደረገበት ደግሞ ቆይቶም አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በቀለሙ አትፍረዱ፣ ፊታችሁ ሲፈጭ እዩ። ከላይ የሚፈሰው ቪምቶም ቀለሙን ይሸፍነዋል፤ ቪምቶ የምትወዱ ከሆነ ጁሱን ካያችሁ በኋላ ይጨመርላችሁ። አቮካዶ በወተት ለምታዙ፣ ወተቱ የተፈላ መሆኑን ጠይቁ። ጥሬ ወተት የራሱ በሽታዎች አሉት።

ለመንገድ ስትገዙ የሚሰጣችሁ ዕቃ ያሳስበኛል። ያገለገለ የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ጁስ የሚሞሉ ብዙ ናቸው፣ በተለይ በረመዳን ከሰዓት በኋላ ለማፍጠሪያ ገዢው ሲበዛ። ያ ጠርሙስ ቆራሌው ከየቦታው የለቀመው ሊሆን ይችላል፤ ምን ተቀምጦበት እንደነበር ማንም አያውቅም። ጋዝም፣ በረኪናም፣ ሌላም ይቀመጥበታል። አፉ ጠባብ ስለሆነ ውስጡ በእጅ አይፈተግም፣ የፈላ ውሃ ከገባበት ይጨማደዳል። የራሳችሁን ንጹሕ ዕቃ ይዛችሁ ኑ። ደንበኛ የራሱን ኩባያ ይዞ ሲመጣ እኛ ደስ ይለናል፤ አንድ ብርጭቆ ማጠብ ቀረልን ማለት ነው።

እጅ። ብዙ ሰው ጓንት ሲያይ ይረጋጋል። እኔ ጓንት ሳይ ምን እንደነካ ነው የማየው። በዚያው ጓንት ብር ተቀብሎ፣ ፍሪጅ ከፍቶ፣ አፍንጫውን ነክቶ ማንጎ የሚልጥ ሰው እጁን በየጊዜው በሳሙና ከሚታጠብ ሰው የባሰ ነው፤ ጓንት ያደረገ እጁ መቆሸሹን አይሰማውምና። ብር የሚቀበለውና ፍሬ የሚነካው ሰው ቢለያይ ጥሩ ነው። ብቻዋን የምትሠራ ልጅ ግን መለያየት አትችልም፤ በቴሌብር ብትከፍሏት ትልቅ እገዛ ነው። ሽንት ቤት ባለበት ግቢ ሳሙናና ውሃ መኖሩንም እዩ። እዚያ እናንተ እጃችሁን የምትታጠቡበት ከሌለ ሠራተኛዋም የምትታጠብበት የላትም።

ስለ ሠራተኞቹ መናገር ያለብኝ አለ። ጁስ ቤት ውስጥ የሚሠሩት አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ልጆች ናቸው፣ ብዙዎቹም የሚከፈላቸው በቀን ነው። ሆዷን እያመማት፣ እያስቀመጣት የምትሠራ ልጅ አይቻለሁ። የቀረች ቀን ደመወዝ የለም፣ አንዳንዴም ሥራው ራሱ የለም። ተቅማጥ የያዘው ሰው ከተሻለው በኋላ እንኳ ቢያንስ 48 ሰዓት ምግብ ባይነካ ነው የሚመከረው። ታይፎይድ ደግሞ ድኖ ምንም ሳይሰማው ተህዋሱን ይዞ የሚቆይ ሰው አለ፤ ለዚህ ነው ምግብ ነክ ሠራተኞች በየጊዜው ምርመራ እንዲያደርጉና ካርድ እንዲይዙ የሚጠየቀው። አሠሪዎች ይህን አንብባችሁ ከሆነ እለምናችኋለሁ፦ ለታመመችበት ቀን ክፈሏት። ካርዱም ተመርምራ የምታገኘው ይሁን። ሳትመረመር የተሞላ ካርድ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ማንንም አያድንም።

ለሻጮች፣ በተለይ በጋሪና በመስኮት ለምትሠሩ፣ በትንሽ ወጪ ከሚደረገው ትልቁ በረኪና ነው። ሽታ ያልተጨመረበት ተራ 5 በመቶ በረኪና፣ በ10 ሊትር ንጹሕ ውሃ 4 የሻይ ማንኪያ፣ 20 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ብርጭቆው በሳሙና ታጥቦ፣ ተለቅልቆ፣ እዚያ ውስጥ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቆይና ተደፍቶ ይድረቅ። ፍሬውም መጀመሪያ አፈሩ በውሃ ይለቅ፣ ከዚያ በዚሁ ልክ በተበጠበጠ ሌላ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ይቆይና በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ። ሳይቆረጥ ነው ታዲያ፤ የተቆረጠ ፍሬ አይዘፈዘፍም። ውሃው ሲደፈርስ በረኪናው ኃይሉን ስለሚያጣ ይቀየር። በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ጠርሙሱ ፀሐይ ላይ ከዋለም ይደክማል፣ ጥላ ውስጥ ይቀመጥ።

ደንበኞች ደግሞ መጠየቅ አትፈሩ፤ አጠያየቁን ግን አሳምሩት። አንድ አዛውንት ነበሩ፣ ሁልጊዜ ሲመጡ "ልጄ፣ የዛሬው ውሃ የተፈላ ነው?" ይሉኛል። "አዎ አባቴ፣ ማታ ያፈላሁት ነው" እላቸዋለሁ። ያልተፈላ ከሆነም እነግራቸዋለሁ፣ ሻይ ጠጥተው ይሄዳሉ። አንዲት ተማሪ ደግሞ "እህቴ፣ ይቅርታ፣ ብርጭቆውን በሚወርድ ውሃ አንዴ ታለቀልቂልኛለሽ?" አለችኝ። አልከፋኝም። የሚከፋው ሰው ፊት "ቆሻሾች ናችሁ" ተብሎ መሰደብ ነው፤ እሱ ሻጩን ያስኮርፋል እንጂ ውሃውን አያስቀይርም። የመንገድ ሻጭ ሁሉ ቆሻሻ፣ መስታወት ያለው ቤት ሁሉ ንጹሕ ነው ብላችሁም አታስቡ። ከመስኮት የሚሸጥ ሰው ሥራው ሁሉ ፊታችሁ ነው። በትልቁ ቤት የሚታጠበው ከጓሮ ነው፣ አታዩትም።

ትንንሽ ልጆች፣ እርጉዞች፣ አዛውንቶችና ሌላ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ከማያውቁት ቤት ባይጠጡ እመክራለሁ። ለእነሱ ሙዝ ወይም ብርቱካን ገዝቶ፣ እጅ ታጥቦ፣ ልጦ መስጠት ይሻላል።

ከታመማችሁ ደግሞ ወዲያው የመጨረሻውን ምግብ አትክሰሱ። ጁስ በጠጣችሁ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሚያስመልስ አለ። ታይፎይድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቆይቶ ነው የሚታየው፤ ጃርዲያ አንድ ሳምንት ገደማ፣ ሄፓታይተስ ኤ አንድ ወር አካባቢ። ሐኪሙ ሲጠይቃችሁ ያለፉትን ሳምንታት አስቡ። ተቅማጥ ከጀመረ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የወጣውን ፈሳሽ መመለስ ነው፦ አንድ ከረጢት ኦ.አር.ኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ። እሱ ከሌለ በ1 ሊትር የተፈላ ውሃ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ጨው አይብዛ። ደም ካለው፣ እንደ ሩዝ ውሃ ሆኖ ከፈሰሰ፣ ትኩሳቱ ካልወረደ፣ ወይም ልጁ ሽንቱ ከቀነሰና ዓይኑ ከጎደጎደ ቤት አትቆዩ። ከመድኃኒት ቤት በግምት አንቲባዮቲክ ገዝታችሁ አትጀምሩ፤ ለብዙው ተቅማጥ አያስፈልግም፣ ለሚያስፈልገውም ምርመራውን ያበላሻል።

ሲሻላችሁም ተመልሳችሁ ለሻጩ ንገሩት፣ ብቻውን አድርጋችሁ፣ ቀኑንና የጠጣችሁትን ጠቅሳችሁ። የታመመ ደንበኛ ዝም ብሎ ሌላ ቤት ይሄዳል፤ እኛ ጋ የሚደርሰው ዛሬ ገበያ ቀነሰ የሚለው ብቻ ነው። ሁለት ሦስት ሰው የአንድ ቀን ጁስ ጠርቶ ቢነግረን ያን ቀን ውሃው ከየት እንደመጣ፣ ማን እንደላጠ ወደ ኋላ ሄደን እናገኘዋለን።